አልጋ የተነፈጉ ዘማሪዎች፦ የፊስክ ወጣቶች ሰባት ዓመት በመንገድ ላይ

ኦክቶበር 6 ቀን 1871 ዘጠኝ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ናሽቪል ላይ ባቡር ተሳፈሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሁሉም ታናሽ ሚኒ ቴት ናት፤ 14 ዓመቷ ነው። ትልልቆቹም ገና በሃያዎቹ ውስጥ ናቸው። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ናቸው። የለበሱት ልብስ ስስ ነው፤ ደህና ካፖርት ያለው ከስንት አንድ። ይዟቸው የወጣው ጆርጅ ኋይት የትምህርት ቤታቸው የፊስክ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ሙዚቃም ያስተምራል። የጉዞውን ወጪ የሸፈነው ካዝናው ውስጥ ከቀረችው ጥቂት ብር ነው። እቅዱ አጭር ነበር። በየከተማው ቤተ ክርስቲያን እየዘመሩ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ በገንዘቡም ሊዘጋ የደረሰውን ትምህርት ቤት ማትረፍ።

ይሄው ቡድን በ1878 ሃምቡርግ ላይ ተበተነ። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ወደ 150,000 ዶላር ገደማ ሰብስቧል። ትምህርት ቤቱ ተርፏል፣ ትልቅ ሕንጻም ቆሞለታል። ዘማሪዎቹ ግን ደክመዋል፤ ታመዋል፤ እርስ በርስም ተቀያይመዋል።

የወጣት አገልጋዮች ጉዞ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ መድረኩ ነው። ማን ዘመረ፣ ስንት ሰው አለቀሰ፣ ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ። ልጆቹ ማታ የት አደሩ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። እኔ እዚህ የምከታተለው ይህንኑ ነው፤ አልጋውን፣ ካፖርቱን፣ የገንዘብ ቦርሳውን፣ ዕረፍቱን። የፊስክ ዘማሪዎችን የመረጥኩት ራሳቸውም፣ አብረዋቸው የነበሩትም ብዙ ስለጻፉ ነው። የሆነውን ሁሉ ከነጉዱ ማየት ይቻላል።

እጅ ያጠረው ትምህርት ቤት

ፊስክ ቴነሲ ውስጥ በ1866 መጀመሪያ ላይ ተከፈተ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ቦታው የሰሜኑ ጦር ትቶት የሄደ የሆስፒታል ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ከእንጨት የተሠሩ። ያቋቋሙት የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ማኅበር ሰዎች ናቸው። ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ክሊንተን ፊስክ ነው። ጄኔራሉ ነጻ የወጡ ጥቁሮችን በሚረዳው የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ይሠሩ ነበር።

በሩ እንደተከፈተ ሰው ጎረፈ። ሕፃኑም ሽማግሌውም ፊደል ሊቆጥር መጣ። መጽሐፍ አጠረ። አንድ ቀን ከባሪያ መሸጫ ግቢ የተለቃቀመ የዛገ የእጅና የእግር ብረት እንደ ውራጅ ብረት ተሸጠና በገንዘቡ የፊደል መጽሐፍ ተገዛ። ይህን ታሪክ ስሰማ ልቤ ይሞላል። ግን እውነቱን ለመናገር ያለበትንም ችግር በደንብ ያሳያል። ውራጅ ብረት እየሸጠ የሚኖር ትምህርት ቤት ብዙ አይዘልቅም። አምስት ዓመት ሳይሞላው ቤቶቹ መበስበስ፣ አበዳሪዎችም በር ማንኳኳት ጀመሩ።

ኋይት በጦርነቱ ከሰሜኑ ጎን ተሰልፎ የተዋጋ ሰው ነው። ሙዚቃን በመደበኛ ትምህርት አልተማረም፤ ጆሮው ግን ለጉድ ነው። ተማሪዎቹ ሲዘምሩ ሰምቶ ይህ ድምፅ ትምህርት ቤቱን ሊያተርፍ ይችላል አለ። ማኅበሩን ገንዘብ ጠየቀ። ማኅበሩ አልሰጥም አለ። ከወላጆችም ገሚሱ ልጆቻችንን አንሰድም አሉ። ሥጋታቸው የሚያስቅ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በመላው አሜሪካ የታወቀው የመድረክ ጨዋታ ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው ጥቁሮችን የሚያላግጡበት ነበር። ጥቁር ዘማሪ ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ያ ነው። በመንገዱ ላይም ከስድብ አልፎ ዱላ አለ።

ከትልቁ ጉዞ በፊት በወጡበት አንድ አጭር ጉዞ ላይ ባቡር ሲጠብቁ ረብሸኛ ሕዝብ ከበባቸው። ኋይት ልጆቹን ወደ ራሱ ሰብስቦ መዝሙር ዘምሩ አላቸው። ኤላ ሼፐርድ በኋላ እንደጻፈችው፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ አለቃቸውም ባርኔጣውን አውልቆ እንባው እየወረደ መዝሙሩን ድገሙልኝ ብሎ ለመነ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ያን ቀን ግን ከመዝሙራቸው በቀር ሌላ መከላከያ አልነበራቸውም።

ልጆቹ

ስማቸውን ልዘርዝር፤ ብዙ ጊዜ «ዘማሪዎቹ» ተብለው በጅምላ ይታለፋሉ። ኤላ ሼፐርድ፣ ማጊ ፖርተር፣ ጄኒ ጃክሰን፣ ሚኒ ቴት፣ ኤላይዛ ዎከር፣ ቶማስ ረትሊንግ፣ ቤንጃሚን ሆልምስ፣ አይዛክ ዲከርሰን፣ ግሪን ኢቫንስ።

ማጊ ፖርተር ገና በልጅነቷ ገጠር ገብታ አስተምራ ነበር። ለገና በዓል ወደ ቤቷ በሄደችበት ጥቁሮችን የሚያሸብረው የኩ ክለክስ ክላን ቡድን ሰዎች ትምህርት ቤቱን አቃጠሉት። ሆልምስ ማንበብ የለመደው በመንገድ ላይ የሱቅ ጽሑፎችን እያየ ነው። በባሪያ ነጋዴ እስር ቤት ሳለ የሊንከን የነጻነት አዋጅ በእጁ ገባና ለሌሎቹ እስረኞች ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ረትሊንግ ከልጅነቱ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ነገር እናቱ ተሽጣ ስትወሰድ ነው።

ኤላ ሼፐርድን ለብቻዋ ማንሳት ግድ ነው። የቡድኑ ምሰሶ እሷ ነበረች። በ1851 ተወለደች። አባቷ በ350 ዶላር ገዝቶ ነጻ አወጣት፤ እናቷን ግን ሊገዛ አልቻለም፤ ወደ ሚሲሲፒ ተሸጠች። ሲንሲናቲ ውስጥ ፒያኖ የተማረችው በድብቅ ነው። ነጩ መምህር የተቀበላት በማታ፣ በጓሮ በር፣ ለማንም ሳትናገር እንድትመጣ በሚል ስምምነት ነበር። አባቷ ሲሞትባት ራሷን ማስተዳደር ጀመረች። ፊስክ ስትደርስ በእጇ የነበረው 6 ዶላር ነው። ብዙም ሳይቆይ የሙዚቃ ረዳት መምህርት ሆነች። ጤናዋ ሁልጊዜ ደካማ ነበር። በጉዞው ላይ ፒያኖ መቺ፣ አሰልጣኝ፣ ኋይት ሲታመም ደግሞ መሪ፣ ይህ ሁሉ እሷው ናት።

ከእነሱ ጋር ሜሪ ዌልስ የተባለች የማኅበሩ መምህርት የሴቶቹ ጠባቂ ሆና ሄደች። በቃ። አስቀድሞ ሄዶ ቦታ የሚይዝ ሰው የለም፤ ሂሳብ የሚይዝ የለም፤ ዕቃ የሚሸከም የለም። ኋይት መሪውም፣ ደላላውም፣ ትኬት ሻጩም፣ ሻንጣ ተሸካሚውም ነበር። ዛሬም ብዙ ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉን የሚሠራው አንድ ሰው የታመመ ቀን።

የኦሃዮ ብርድ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ጉዞ በጀመሩ በሁለተኛው ቀን የቺካጎ ከተማ በእሳት ጋየች። ወጣቶቹ ኦሃዮ ላይ ዘምረው ያገኙትን ገንዘብ፣ 50 ዶላር እንኳ የማይሞላ፣ በሙሉ ለቺካጎ ተጎጂዎች ሰጡ። እዳ ያለበት ትምህርት ቤት፣ ካፖርት የሌላቸው ልጆች፣ የመጀመሪያ ገቢያቸውን ለሌላ ሲሰጡ። ስጦታው ስም አስገኝቶላቸዋል፤ የከተማው ሰዎች በጋዜጣ አመሰገኗቸው። እኔ ግን ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ለሁለት እከፈላለሁ። ልግስናው እውነተኛ ነው፤ ብርዱም እውነተኛ ነው። ክረምት ሊገባ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ በየቀኑ በሚዘምሩበት ጉሮሮ ነው የሚኖሩት።

ቺሊኮቲ ላይ ሁለት ሆቴሎች አናስገባም አሉ። የሦስተኛው ባለቤት የራሱን መኝታ ክፍል ለቀቀላቸው፤ ምግባቸውን ግን ሌሎቹ እንግዶች ሳይመጡ በፊት እንዲበሉ አደረገ። ሰውየው ደግ ነው? ፈሪ ነው? ሁለቱንም ይመስለኛል። መንገድ ላይ የምታገኘው ደግነት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ግማሽ በር ይከፍታል።

ከሁሉ የከፋችው ሌሊት ዜንስቪል ላይ ናት። ሴቶቹን ከመጋዘን በላይ ባለች አንዲት ክፍል አስገቧቸው። የአልጋው ልብስ ከመቆሸሹ የተነሳ ሊነኩት አልቻሉም። ጠቅልለው በረንዳ ላይ አወጡትና የዝናብ ካፖርታቸውን ተጠቅልለው ተኙ። ለዚህች ሌሊት የተጠየቁት ሂሳብ 27 ዶላር ነበር፤ እሱንም የከፈለላቸው አንድ ወዳጅ ነው። ያን ሰሞን ከመድረክ የሚያገኙት ለትራንስፖርትና ለምግብ እንኳ አልበቃም። ሰው ይሰበሰባል፣ ያጨበጭባል፣ መባው ሲቆጠር ሳንቲም ነው።

በማግስቱ እነዚያ ሴቶች መድረክ ላይ ቆመው ይዘምራሉ። ፊታቸው ላይ ያ ሌሊት እንዳይነበብ ይጠበቅባቸዋል። ስለ መንገድ አገልግሎት የማያውቅ ሰው መንገዱ በባቡሩና በመድረኩ መካከል ያለ ይመስለዋል። ከባዱ በመድረኩና በአልጋው መካከል ያለው ነው።

ኮሎምበስ ሲደርሱ ወደ ቤት መመለስ የሚለው ሐሳብ በግልጽ ተነሳ። ያን ሌሊት በጸሎት አሳለፉት። ጠዋት ኋይት ደስ ብሎት መጣና ስም አወጣላቸው፤ «ጁቢሊ ዘማሪዎች»። በዘሌዋውያን 25 ያለውን የኢዮቤልዩ ዓመት አስቦ ነው፤ ባሪያ ነጻ የሚወጣበትን ዓመት። እስከዚያ ቀን ድረስ ቡድኑ የረባ ስም እንኳ አልነበረውም። ስሙ አንድ ነገር አደረገ፤ ፊታቸውን ጥላሸት ከሚቀቡት ተጫዋቾች ለያቸው።

ለሰው ፊት የማይወጣው መዝሙር

መዝሙሩን ሳላነሳ ጉዳዩ ሙሉ አይሆንም። ጉዞ ሲጀምሩ የሚያቀርቡት በጊዜው ነጮች የሚወዱትን ሙዚቃ ነበር፤ ካንታታ (በመሣሪያ የሚታጀብ ረጅም የኅብረ ዝማሬ ድርሰት)፣ የስኮትላንድ ዜማ፣ የአገር ፍቅር መዝሙር። በባርነት ዘመን ወላጆቻቸው በሜዳና በጫካ የዘመሯቸውን መንፈሳዊ መዝሙሮች መድረክ ላይ አያወጡም። ሼፐርድ ምክንያቱን ጽፋለች። መዝሙሮቹ ሊረሳ የሚገባውን ያንን ጨለማ ዘመን ያስታውሷቸዋል። ደግሞም ለወላጆቻቸው ቅዱስ ነበሩ፤ የአምልኮ መዝሙሮች ናቸው። ተዘግቶ የሚዘመር ነገር ነው እንጂ ትኬት የሚሸጥበት አይደለም።

ኋይት ግን እነዚያን መዝሙሮች ሰምቷቸዋል። መጀመሪያ በመጨረሻ ላይ አንድ ሁለት እንዲጨመሩ አደረገ። ከዚያ የሆነው የታወቀ ነው። ሰው ካንታታውን በትህትና ያዳምጣል፤ እነዚህ ሲመጡ ግን ይነሳል፣ ያለቅሳል። በኖቬምበር 1871 ኦበርሊን ላይ የኮንግሪጌሽናል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተሰብስቦ ነበር። ወጣቶቹ ሰገነት ላይ ተቀምጠው፣ ልዑካኑ በዕረፍት ሰዓት ሲያወሩ፣ በቀስታ ከእነዚህ መዝሙሮች አንዱን ጀመሩ። ጫጫታው ጸጥ አለ። ከጉባኤው የወጡት ሰዎች ወሬውን እየያዙ ወደየከተማቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ተገለበጠ። የባርነቱ ዘመን መዝሙሮች ዋናው ሆኑ።

ኋይት የሚያሠለጥናቸው በለሆሳስ ነው። ጮኾ መዘመር አይፈቅድም። እርስ በርስ እስኪሰማሙ፣ ቃሉ ጥርት ብሎ እስኪሰማ፣ ድምፃቸው አንድ እስኪሆን ድረስ ይደጋግማሉ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በሹክሹክታ የሚጀምር መዝሙር አድማጩን አንገቱን ያስቀልሰዋል። ይህ ጥበብ ነው፤ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ሼፐርድም መዝሙሮቹን ከሰዎች እየለቀመች ስትጽፍና ስታስጠና ኖረች። በ1872 ቴዎዶር ሴዋርድ የተባለ ሙዚቀኛ በኖታ ጽፎ በመጽሐፍ አወጣቸው።

እዚህ ላይ አስተያየት መስጠት ይኖርብኛል። ወጣቶቹ መዝሙሮቹን ለመድረክ መስጠት የከበዳቸው አላዋቂ ስለሆኑ አይደለም። ምን እንደሚሰጡ በደንብ ያውቁ ነበር። ብዙ ቡድን ምስክርነትህን ንገረን ተብሎ በየከተማው ያንኑ የልጅነት ቁስሉን የሚደግም ወጣት አለው። አድማጭ ይነካል፤ መባው ይጨምራል። ልጁ በሃምሳኛው ጊዜ ሲናገረው ግን ለራሱ ምን እንደቀረለት የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል። ሼፐርድና ጓደኞቿ ዕድለኛ የሆኑት መዝሙር ስለነበረ ነው። መዝሙር ቢደገም እንደ ታሪክ አያልቅም።

ጭብጨባ አለ፣ አልጋ የለም

በዲሴምበር ኒውዮርክ ደረሱ። የዘመኑ ስመ ጥር ሰባኪ ሄንሪ ዋርድ ቢቸር ብሩክሊን በሚገኘው ፕሊመዝ ቤተ ክርስቲያናቸው አስዘመሯቸው፤ ለምእመናኑም ኪሳችሁን ፍቱ አሉ። አንዳንድ ጋዜጣ በቢቸር ስም እያላገጠ በስድብ ጠራቸው። ስድቡም ቢሆን ሰው አመጣ። ከዚያ የኒው ኢንግላንድ አብያተ ክርስቲያናት ተራ በተራ ጋበዟቸው፤ ገንዘቡም መምጣት ጀመረ። እምቢ ብሎ የነበረው የሚሲዮናውያን ማኅበርም አሁን ጉስታቨስ ፓይክ የተባለ ሰው መደበላቸው። አስቀድሞ ቦታ የሚይዝ፣ አዳራሽ የሚከራይ፣ ማስታወቂያ የሚያስነግር ሰው በመጨረሻ ተገኘ። ኋይት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ ያገኘ ይመስለኛል።

ሆቴሉ ግን አልተለወጠም። ኒውርክ፣ ኒው ጀርሲ ላይ አንድ የሆቴል ባለቤት ክፍል ይዞላቸው ነበር። ጥላሸት የተቀቡ ነጮች መስለውት ነበር አሉ። እውነተኛ ጥቁሮች መሆናቸውን ሲያውቅ አስወጣቸው። አስቡት እንግዲህ፤ ጥቁር መስሎ የሚያላግጠው ነጭ አልጋ አለው፤ ጥቁሩ የለውም።

በማርች 1872 ዋሽንግተን ላይ በዋይት ሀውስ ለፕሬዚዳንት ግራንት ዘመሩ። ከዚያ 20,000 ዶላር ይዘው ወደ ናሽቪል ተመለሱ። በመንገድ ላይ ሉዊቪል ባቡር ጣቢያ ከመጠበቂያው ክፍል ተባረሩ፤ ብዙ ሕዝብም ተሰብስቦ ያያቸው ነበር። ፕሬዚዳንት የሰማቸው ወጣቶች ናቸው፤ ወንበር ላይ መቀመጥ አልተፈቀደላቸውም። በገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ 25 ኤከር መሬት ተገዛ፤ በጦርነቱ ጊዜ ምሽግ የነበረ ቦታ።

ዕረፍታቸው ግን አጭር ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ቦስተን በተደረገው ታላቅ የሰላም የሙዚቃ በዓል እንደገና መድረክ ላይ ናቸው።

ባሕር ማዶ

በ1873 ወደ ብሪታኒያ ለመሻገር ሲነሱ በርካታ የመርከብ ድርጅቶች ካቢን አንሰጥም አሉ። በመጨረሻ የተቀበላቸው አንድ ተገኘ። እዚያ ሲደርሱ ግን ዓለም ተገለበጠባቸው። ሆቴል ይገባሉ። በፊት በር። ከእንግሊዝ መኳንንት አንዱ የሆኑት ኧርል ሻፍትስበሪ ለንደን ላይ አስተዋወቋቸው፤ በማግስቱ በአርጋይል መስፍን ቤት በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ቤታቸው ጋበዟቸው። ኤድመንድ ሃቬል የተባለ ሠዓሊ ትልቅ ሥዕል ሣላቸው፤ ዛሬም ፊስክ ውስጥ ተሰቅሏል።

በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 50,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተገኘ። ክብሩና ገንዘቡ ሲበዛ ግን የፕሮግራሙ ቁጥርም በዛ። አንድ ከተማ ጨርሰው ሌላ፤ ቀን ባቡር፣ ማታ መድረክ፣ በመካከል ሻይ ግብዣ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የሕመምተኞች ጉብኝት። ግብዣው ሁሉ በቅንነት የመጣ ነው። ለእንግዳው ግን ግብዣም ሥራ ነው፤ ፈገግ ብሎ መቀመጥ፣ አሥራ አምስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅህ እንደ አዲስ መመለስ። በሰው ቤት ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። በር ዘግተህ ዝም የምትልበት ሰዓት የለም።

ማን ምን ከፈለ

በፌብሩዋሪ 1874 የኋይት ሚስት ላውራ ግላስጎው ላይ በታይፎይድ ሞተች። ኋይት ራሱ ሳንባው ደም እስከ መትፋት ደረሰ። ሆልምስ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ቡድኑን ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በ14 ዓመቷ የወጣችው ሚኒ ቴት ድምፅዋ ተጎዳና ከብሪታኒያው ጉዞ በኋላ አልቀጠለችም። በኋላ የገባችው ጁሊያ ጃክሰን በሦስተኛው ጉዞ ላይ ስትሮክ መታት። የሁሉም ትምህርት በእንጥልጥል ቀረ። ትምህርት ቤቱን ያተረፉት ተማሪዎች በዚያ ትምህርት ቤት ለመቀመጥ ጊዜ አላገኙም።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1876 ጁቢሊ ሆል፣ በዘማሪዎቹ ገንዘብ የተሠራው የትምህርት ቤቱ ሕንጻ፣ ተመረቀ። በአሜሪካ ደቡብ ለጥቁሮች ከፍተኛ ትምህርት የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ ሕንጻ ነው። ዘማሪዎቹ ምርቃቱ ላይ አልነበሩም። አውሮፓ ሆነው እየዘመሩ ነበር።

ሦስተኛው ጉዞ በ1875 ነው የጀመረው፤ ሦስት ዓመት በላይ ቆየ። ሼፐርድ በዚህ ጊዜ የጻፈችው የዕለት ማስታወሻ ተርፏል። የማስታወሻው ሆድ ውስጥ ያለው ባቡር፣ ልምምድ፣ ሕመም፣ ድካም ነው። ብሪታኒያ፣ ከዚያ ሆላንድ፣ ከዚያ ጀርመን። ከ1877 መጨረሻ ጀምሮ የጀርመን ከተሞችን ሲዞሩ ሰው ያደንቃል፤ ገቢው ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ወጪው አለ።

በውስጥም ነገር ከርሮ ነበር። ፍሬድሪክ ላውዲን የሚባል ባስ ድምፅ ያለው ሰው በ1875 ገብቷል። ኦሃዮ ውስጥ ነጻ ሆኖ የተወለደ፣ ከሌሎቹ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ዝም የማይል ሰው ነው። ለመብቱ ይከራከራል፤ መሪ መሆንም ይፈልጋል። አንዳንዶቹ ትዕቢተኛ አሉት። እኔ ሳነበው ግን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ትክክል ናቸው። የምንደክመው ለማን ነው? ክፍያችን ስንት ነው? ፕሮግራሙን የሚያወጣው ማን ነው? ኋይትም ከትምህርት ቤቱ ፕሬዚዳንት ከኢራስተስ ክራቫት ጋር ተጋጨና በጉዞው መካከል መሪነቱን ለቀቀ። ክራቫት የሟች ሚስቱ ወንድም ነው፤ ነገሩ ከሥራ ጠብ አልፎ የቤተሰብ ነበር።

በቃ የሚለው ማን ነው?

ጉዳዩን ሳጠና ደጋግሜ የተመለስኩበት ቦታ ይህ ነው። በሰባቱ ዓመታት ሁሉ አንድ ጥያቄ መልስ አላገኘም፤ በቃ የማለት ሥልጣን የማን ነበር? መጀመሪያ ግቡ እዳ መክፈል ነበር። እዳው ሲከፈል መሬት መግዛት ሆነ። መሬቱ ሲገዛ ሕንጻ ማቆም። ሕንጻው ሲቆም ሌላ ሕንጻ፤ ሊቪንግስተን ሆል የሚባል ተጨመረ። እያንዳንዱ ግብ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ማን ይቃወማል? የምትዘምረዋ ልጅ ደክሞኛል ብትል ለጌታ ሥራ ሰነፈች ይባልባታል። ማኅበሩ የሚያየው ደብዳቤና ሂሳብ ነው፤ ሂሳቡ ያምራል። ኋይት ያያቸዋል፤ እሱ ግን ከሁሉ በላይ የታመመ ሰው ነው።

ዝሙትና ስርቆት ስላልነበረ ብቻ ቡድኑ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ጊዜ የወጣት አገልግሎት መሪዎች የሚጠብቁት እነዚያን ሁለቱን ነው። የፊስክ ቡድን በሥነ ምግባር በኩል ስም የሚያስነሳ ነገር አልገጠመውም። ያጣው እንቅልፍ፣ ሐኪም፣ የሚመለስበት የታወቀ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ካፖርት።

በሌላ ጎኑ ደግሞ ልጆቹን ተበዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ያሳንሳቸዋል። ሼፐርድ፣ ፖርተር፣ ጃክሰን እየመረጡ ተመለሱ። መንገዱ ሌላ የትም የማያገኙትን ሰጥቷቸዋል፤ ዓለም ማየት፣ በእንግሊዝ እንደ ሰው መቆጠር፣ በራሳቸው ጥበብ መኖር። ዲከርሰን ብሪታኒያ ቀርቶ ኤዲንብራ ተማረና ሰባኪ ሆነ። ረትሊንግም እንግሊዝ ቀርቶ እዚያው አረፈ። ጄኒ ጃክሰን በኋላ የራሷን ዘማሪ ቡድን አቋቋመች። ሼፐርድ የተሸጠችባትን እናቷን ፈልጋ አገኘቻት፤ ወደ ናሽቪልም አምጥታ አኖረቻት።

በጁላይ 1878 መጨረሻ ሃምቡርግ ላይ ተበተኑ። ፊስክ ከዚያ ወዲያ በስሙ አልላካቸውም። በ1879 ግን ኋይት፣ የታመመው ኋይት፣ ከትምህርት ቤቱ ድጋፍ ውጭ ቡድኑን እንደገና አሰባሰበ። ሼፐርድ አብራው ወጣች። ላውዲንም አለበት። ኋይት በ1885 ከመድረክ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ በክራንች ነው የሄደው። ቡድኑን ቀድሞ የተረከበው ላውዲን በ1884 ይዞት ተነሳና እስከ 1890 ዓለምን ዞረ፤ ብሪታኒያ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ሕንድ፣ ጃፓን። በዚህኛው ጉዞ ድርጅቱ የራሱ ነው። የት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚያርፉ፣ ገንዘቡም ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነበር።